ከባሮ አሸዋ የለቀምኩት ሳንቲም

መሬት የወደቀ ሳንቲም አይቼ ማለፍ አልችልም። ልጆቼ ያፍሩብኛል። መኪና ተራ መሀል ጎንበስ ስል ትልቁ ልጄ ዞር ብሎ የማያውቀኝ ሰው ይመስላል። ይምሰል። «እማዬ፣ አሁን ይቺ ምን ትገዛለች?» ይለኛል። ምንም እንደማትገዛ እኔም አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። የለመደ እጅ ነው፣ ምን ላድርገው? እጄ ደግሞ የለመደው ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ አሸዋ ላይ ነው።

እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለመጣሁ ወሎን አላስታውሰውም፤ አገርሽ ሲሉኝ የሚመጣልኝ ማንጎና ሙቀት ነው። አባቴ አቦቦ ወረዳ በተሰጠው መሬት ሰሊጥና በቆሎ ያርሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ ይመጣል። እናቴና እኔ፣ እኔ እንድማር ተብሎ፣ ከተማ አንዲት የሣር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ገበያው ጥግ ማዳበሪያ አንጥፋ ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ጠባያችን አንድ ነው፤ ቶሎ እንግላለን፣ ቶሎ እንበርዳለን። አባቴ «ሁለት ክብሪት አንድ ሣር ቤት ውስጥ አስቀምጬ ነው የምሄደው» ይል ነበር።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ከተማዋ ድንገት በሠራተኛ ተሞላች። ፋይል የታቀፈ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰው በየመንገዱ ነው። ቢሮ ጠቧቸው ማንጎ ሥር ጠረጴዛ ያወጡም ነበሩ። ይሄ ሁሉ ሰው ወደ ማታ ባሮ ይወርዳል፤ በዚያ ሙቀት ባሮ ሳይገቡ ማደር የለም። ሱሪውን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፣ ወይም አሸዋው ላይ ይወረውራል። ሲወጣ አራግፎ ይለብሳል። ሲያራግፍ ታዲያ ኪሱ ውስጥ ያለው ዝርዝር አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። ክልል ከሆንን ወዲህ፣ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲበዛ፣ አሸዋው ወፈረ ብላችሁ ይቀላል።

እኔ የምወርደው ቀትር ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው። ቦታው የወንዶች መታጠቢያ ስለሆነ ሰው እያለ አይደፈርም፤ በቀትር ግን ከአዞ በቀር ማንም የለም። አዞውም ማዶ ነው የሚተኛው። በእግሬ ጣት አሸዋውን እያበጠርኩ እሄዳለሁ። ሳንቲም ከጠጠር የሚለየው በትኩሳቱ ነው፤ የጋምቤላ ፀሐይ የመታው ስሙኒ እግር ይጠብሳል። «ኡፍ!» ብዬ ከዘለልኩ አገኘሁ ማለት ነው። በቀኝ አውራ ጣቴ ሥር እስከ ዛሬ ጠቆር ያለ ነገር አለ፤ ልጆቼ ሳሳያቸው አያምኑም።

እናቴ ግን ሕግ ነበራት። «የሰው ሐቅ ቤቴ አይገባም» አለችኝ ገና የመጀመሪያዋን አስር ሳንቲም ይዤላት ስመጣ። «ያገኘሽው ቦታ ቆመሽ ሦስት ጊዜ ‹የማን ነው?› ብለሽ ትጣሪያለሽ። መልስ ካጣሽ ያኔ የአንቺ ሪዝቅ ነው፣ አላህ የሰጠሽ።» እኔ ምን አደረግኩ? በዚያ ጭር ባለ ዳር ቆሜ በሹክሹክታ «የማን ነው የማን ነው የማን ነው» ብዬ አፈፍ። አንድ ቀን ለካ ተከትላኝ ኖሯል። ጭኔን ይዛ እንዴት አድርጋ ቆነጠጠችኝ መሰላችሁ! «ጩኺ! ባለቤቱ ጆሮሽ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው አዞ እስኪነቃ ነው የምጮኸው።

ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤታችን ነበረች፤ ዓሣ የምትሸጥ የአኙዋክ ሴት፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ከዘማሪው ሁሉ ድምጿ የሚጎላ። አማርኛን የተማረችው ገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። «በአማርኛ ብቻ ብትጣራ ማን ይሰማሃል?» አለችኝ እየሳቀች። «እዚህ የሚታጠበው ግማሹ የእኛ ሰው ነው።» እውነቷን ነው። በአኙዋክኛ እንዴት እንደሚባል አስተማረችኝ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት በአማርኛ፣ ሦስት በአኙዋክኛ ሆነ። የኑዌርኛውን አላውቀውም ነበር፤ ኑዌሮቹ ይቅር ይበሉኝ።

መልስ የሰጠኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። «የማን ነው?» ስል ሳሙና የያዘ ሰውዬ ከቁጥቋጦው ብቅ ብሎ «የእኔ ነው!» አላለም? ደሜ ፈላ። «ምን ያህል ነው የጣልከው?» አልኩት እጄን ጨብጬ። «ስሙኒ» አለ። እጄን ከፈትኩለት፤ አስር ሳንቲም ናት። ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውኃው ውስጥ ዘለለ፣ እኔም ሪዝቄን ይዤ ወደ ቤቴ።

እንዲህ ስንኖር አንድ መስከረም ከወሎ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አያቴ ናት ያስጻፈችው። ዓይኔ እየሄደ ነው፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄን አንድ ጊዜ ልያት ትላለች። እናቴ ወሎን ከለቀቀች ወዲህ እናቷን አላየችም። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ድገሚው።» ሦስተኛውን ስጨርስ ተነስታ ነጠላዋን አራገፈችና «እሄዳለሁ» አለች።

ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ ተነጋገሩ። ሰሊጡ ሲሸጥ ለመሄጃው ይበቃል። «መመለሻውስ?» አለ አባቴ። «መመለሻው የእኔ ነው» አለች። «ከሳንቲም አጠራቅማለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» አባቴ ጥርጥር ገብቶታል፣ ግን ክብሪት መጫር አልፈለገም።

አሁን እናቴ ስላጠራቀመችበት መንገድ ልንገራችሁ። ወሎ ሳለን አያቴ የጠገራ ብር ድሪ ነበራት፤ እያንዳንዱ ጠገራ ቀዳዳ ኖሮት በክር የተሰካ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። በድርቁ ዓመት ያንን ድሪ ገበያ ወስዳ የሸጠችው እናቴ ናት። አያቴ ራሷ ናት አውልቃ የሰጠቻት፤ ቢሆንም የእናቴ እጅ አልረሳውም። አንጥረኛው ቀዳዳ አለው ብሎ አልቀነሰባትም። መዘነ፣ ገንዘቡን ሰጣት፣ እህል ገዛችበት፣ ነፍሳችን ቆየ። ከዚያ የተማረችው ትምህርት እንግዲህ ይሄ ነው፦ አንገት ላይ የዋለ ብር አይሰረቅም፣ አይቃጠልም፣ ጎርፍ አይወስደውም፣ ባልም አይበደረውም። ቀዳዳው ደግሞ ዋጋውን አይነካውም።

ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ እኔ ከአሸዋ የለቀምኩትንና እሷ ከሽንኩርቷ ያተረፈችውን ሳንቲም ጉቶ ላይ እየደረደርን በምስማርና በድንጋይ እንበሳዋለን። እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትመታለች። «አንበሳውን ዓይኑን እንዳንወጋው፣ ከጎፈሩ በላይ አድርጊው!» ትለኛለች፤ ያኔ ሳንቲሙ ሁሉ ላይ የአንበሳ ራስ ነበር። ከዚያ በጠንካራ ክር ሰክታ ከቀሚሷ ሥር አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የተረተው ሰው እናቴን አይቶ ይመስለኛል። ስትራመድ በስሱ ትንቃጨላለች። አባቴ ሲመጣ አውልቃ ዱቄት ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ለበሬ መግዣ አበድሪኝ እንዳይላት። እሱ ቢያየው ኖሮ ስህተቱን በዚያው ቀን ይነግራት ነበር። እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ እናቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው።

ልክ ነው ብልም ፍርሃት ያዘኝ። አቦቦ አብራን የሰፈረች አንዲት ሴት ነበረች፤ ካቻምና «ለጥየቃ ነው፣ መመለሻውን አላህ ያውቃል» ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች። ባሏ ይኸው ያረረ ገንፎውን ብቻውን ይበላል። ያን ጊዜ ከሰፋሪው ብዙው ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር። እናቴስ? እናቷን ካየች በኋላ፣ የአገሯን ብርድ ከቀመሰች በኋላ፣ ለጋምቤላ ሙቀትና ለእኔ ብላ ትመለሳለች? የሚሰካው ሳንቲም በጨመረ ቁጥር አንድ እርምጃ የምትርቀኝ መሰለኝ። እኔው ለቅሜ፣ እኔው ይዤ፣ እኔው ልሸኛት?

መስረቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከሦስት አንዷን፣ ከዚያ እኩሌታውን፣ ሲመጣ ሲመጣ ብዙውን እኔ፣ ጥቂቱን እሷ። ከስደተኛ ጣቢያ ወደ ገበያ በሚመጣው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አደርግና ከጓሮ፣ ፓፓያው ሥር እቀብረዋለሁ። ሦስት ጊዜ መጣራቱን ግን አልተውኩም፤ በሁለቱም ቋንቋ። ሌብነቴ ሥርዓት ነበረው። እናቴ ምስኪን፣ «ሰዉ ኪሱን መስፋት ተማረ እንዴ? ሳንቲሙ ሳሳ» ትላለች። እኔ «ደመወዝ ዘግይቶባቸው ነው አሉ» እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መጋቢት ላይ ሰሊጡ ተሸጠ። አባቴ የመሄጃውን የወረቀት ብር አምጥቶ ሰጣትና ወደ እርሻው ተመለሰ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት እናቴ እኔን አስከትላ ትልቁ ሱቅ ሄደች፣ ድሪዋን አውልቃ ባንኮኒው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ወረቀት አድርግልኝ» አለችው ባለሱቁን።

ባለሱቁ አንዷን አንስቶ በቀዳዳዋ አየኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ተበስቷል።»

«አዎ፣ ራሴ ነኝ የበሳሁት» አለች እናቴ፣ ኮራ ብላ።

«ታዲያ ማን ይቀበለኛል? ባንክ አይወስደው፣ ገበያ አይወስደው። የመንግሥት ገንዘብ መብሳት ደግሞ ያስከስሳል፣ ሰው ሳያይሽ አንሺው።»

«የእናቴ ድሪ ተበስቶም ተሸጧል!»

«እሱ ጠገራ ነው» አላት፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ጠገራ ብሩ ራሱ ዋጋ አለው። የዚህ ዋጋው የመንግሥት ቃል ነው፤ ከተበሳ ቃሉም አብሮ ይቀራል።»

ከነፋስ ጋር እንኳ የምትጣላው እናቴ እሺ ብላ ድሪዋን አነሳች። ያ ነው ያስፈራኝ። ድሪውን በእጇ ጠቅልላ ይዛ ወደ ቤት ሄድን፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጎረቤታችንም ለመንገድ የሚሆን የደረቀ ዓሣ ይዛላት መጣች። ነገሩን ስትሰማ ድሪውን ተቀብላ አንገቷ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ አለችበት። «ቆንጆ ነው» አለች። «ሱቅ ምን ያውቃል? እኛ ጨሌ ሰክተን ለልጅ ጋብቻ እናስቀምጣለን፣ ማን ሱቅ ይወስዳል? ለእናትህ ውሰድ፣ እሷ አንገት ላይ አድርግ።»

እናቴ ፈገግ ማለት ሞከረች። ከዚያ ድሪውን ከጎረቤታችን ተቀብላ፣ «እሄዳለሁ» አለች። «እናቴ ዓይኗ ሳይጠፋ እሄዳለሁ። መመለሻውን አላህ ያውቃል።»

ያቺ የቀረችው ሴት ቃል! ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ለካ የምትሄደውስ እንደሆነ መሄዷ አልቀረም፤ እኔ የሰረቅኩት መሄጃዋን ሳይሆን መመለሻዋን ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል! ሮጬ ጓሮ ገባሁ፣ ፓፓያውን ሥሩን በጥፍሬ ቆፈርኩ፣ ጣሳውን ከነአፈሩ አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት። ክዳኑን አነሳች። እስከ አፉ ሞልቷል፤ አንዷም አልተበሳችም።

«የማን ነው?» አለች።

በእግሬ ጣት አፈሩን ጫርኩ።

«የማን ነው?»

ጎረቤታችን እንኳ ሳቋን አቆመች።

«የማን ነው?»

በሦስተኛው ፈነዳሁ። «ያንቺ ነው! ሰርቄሽ ነው! እንዳትሄጂ ብዬ ነው!»

ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ቁንጥጫ አልቀመስኩም። ወዲያው ደግሞ ያንኑ ጭኔን እያሸች፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «አንቺ ደነዝ፣ አንቺን ጥዬ የት እቀራለሁ?» አለችኝ። እኔም እየነፈረቅኩ፣ «ያቺም ሴትዮ እንዲሁ ብላ ነበር» አልኳት። ጎረቤታችን ከዓሣዋ ሽያጭ ቋጠሮዋን ፈታ እፍኝ ሳንቲም ጣሳው ላይ ጨመረችበት። እናቴ «ከዚያ ሰውዬ ባንኮኒ ደግሜ አልቆምም» ብላ ወረቀት ሳታስደርገው፣ ሳንቲሙን እንዳለ መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረችው። ነፍሰ ጡር መሰለች። ድሪውን ደግሞ አንገቷ ላይ መለሰችው። በማግሥቱ ጠዋት እኔና ጎረቤታችን መኪና ተራ ሸኘናት። «በሦስተኛው ጁምዓ እመጣለሁ» አለች።

ሦስተኛው ጁምዓ አለፈ። አራተኛው አለፈ። አባቴ ከእርሻው እየተመላለሰ ጨው የበዛበት ሽሮ ይሠራልኛል፣ ሁለታችንም ጣፍጦናል እያልን እንበላለን። ስለሷ አናወራም። ባሮ ዳር እወርዳለሁ፣ ግን ከሳንቲም ጋር ተጣልቻለሁ። አንዲት ስሙኒ አሸዋው ላይ በጠራራው ስታብለጨልጭ ሦስት ቀን አየኋት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አላነሳኋትም። «ጥፊ!» እላታለሁ። ጎረቤታችን መረብ ስታጥብ አየችኝ። «ሳንቲሙ ምን አደረገህ?» አለችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ሰማዩን አሳየችኝ፤ ወደ ደጋው በኩል ጠቁሯል። «ካላነሳህ ባሮ ያነሳዋል» አለች። «ባሮ ደግሞ ሦስት ጊዜ አይጣራም።»

ዝናቡ ገባ። በየቀኑ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፣ አሸዋዬ ይጠባል። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀትር ላይ ስወርድ ባሮ ያቺ ስሙኒ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። አሳዘነችኝ፣ አነሳኋት። ደመና ስለነበር አላቃጠለችኝም። ሕግ ሕግ ነውና ቆሜ ጮኽኩ።

«የማን ነው?»

ውኃው ብቻ ይሰማል።

«የማን ነው?»

ሦስተኛውን በግድ ነው ያወጣሁት። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው!»

ከኋላዬ ነው። ዞር ስል እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ሴት፣ ጥቅልል ተሸክማ፣ ነጠላዋ በዝናብ አንገቷ ላይ ተጣብቆ፣ ቆማለች። ከጭነት መኪና ላይ ወርዳ፣ ቤት ስታጣኝ በቀጥታ የመጣችው ወደ አሸዋው ነው። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መጮኼን ጎረቤታችን ገበያ ድረስ ተሰማ ብላኛለች፤ እሷ ግን ታጋንናለች።

አሸዋው ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ። አንገቷ ባዶ ነው። የአያቴ ዓይን ጨርሶ ሳይጠፋ ደርሳላታለች፤ ብርሃን ታያለች እንጂ መልክ ብዙም አትለይም። ድሪውን አንገቷ ላይ ስታስርላት፣ አያቴ አንድ በአንድ በጣቷ ዳስሳ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ነክታ፣ «ድሪዬን መለስሽልኝ?» አለቻት። «አዎ እማ፣ መለስኩልሽ አልኳት» አለች እናቴ። «ዋሸሁ እንዴ? አላህ ይወቀው። ይኸው ለብሳው ትተኛለች።»

«ለምን ቆየሽ?» አልኳት፤ ንዴቴ አሁን መጣ።

«አትሄጂም አሉኝ። ወንድሜ መሬት ቆርሼ ልስጥሽ፣ ባልሽንም ልጅሽንም እዚህ አስመጪ አለኝ። መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። መመለሻ የሌለኝ መስሎት እሱም ገንዘብ የለኝም አለ፤ መኸር ሲደርስ እሸኝሻለሁ ይላል። መኸር! እኔም ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ልቤ ተንገዳግዷል። እናቴ እግር ሥር መተኛት ናፍቆኝ ኖሯል። ግን በተኛሁ ቁጥር ያ መቀነት ጎኔን ይቆረቁረኛል። ወደ ቀኝ ስዞር ቁርቁር፣ ወደ ግራ ስዞር ቁርቁር። ያቺ ልጅ ናት እላለሁ። አንድ ጧት ተነስቼ ሁሉም ፊት መቀነቴን ፈታሁት። ‹ይኸው መመለሻዬ› አልኳቸው። የመኪናው ረዳት እስኪቆጥር እጁ ደከመ።»

ከዚያ እጇን ዘረጋች። «በይ አሁን ስሙኒዬን አምጪ፣ የእኔ ነው ብያለሁ።»

ሰጠኋት። ጨበጠችና፣ «ባትሰርቂኝ ኖሮ በስቼው ነበር፣ በስቼው ቢሆን ቀርቼ ነበር» አለች። «እንኳን ሰረቅሽኝ።»

ይህን ብላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።